የኳስ ልምምድን በሥነ ልቦና ምርምር መምራት፦ ለታዳጊ ቡድን አሰልጣኞች የስምንት ሳምንት መመሪያ

በልምምድ ሜዳ ላይ የምናየውና ልጁ በእርግጥ የተማረው ነገር አንድ አይደለም። ማክሰኞ በኮኖች መካከል ያለ ስሕተት ሲቀባበሉ የዋሉ ልጆች ቅዳሜ በግጥሚያ ላይ የደረሳቸውን ኳስ ሁሉ ሲያስመልጡ አሰልጣኙ «ፈሩ» ወይም «ትኩረት የላቸውም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ከልምምዱ ላይ ነው። የእንቅስቃሴ ክህሎት እንዴት እንደሚለመድ የሚያጠኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከ40 ዓመት በላይ ደጋግመው ያገኙት ውጤት ይህ ነው፦ ልምምዱን የሚያሳምሩ ዘዴዎች ትምህርቱን ሊያዳክሙ፣ ልምምዱን የሚያበላሹ የሚመስሉትም ትምህርቱን ሊያጠነክሩ ይችላሉ። ስለዚህ ልምምዱ ከውጭ ለሚያየው ሰው የተዝረከረከ መስሎ እንዲታይ የመፍቀድ ድፍረት ከአሰልጣኙ ይጠበቃል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 15 ዓመት ለሆነ ታዳጊዎች ነው። በብዙ ፕሮጀክቶች ያለውን እውነታ ይዤ 16 ልጆች፣ 4 ኳሶችና አንድ አቧራማ ሜዳ እንዳለዎት አስባለሁ። የምንሠራበት ዋና ክህሎት ኳስ ተቀብሎ በሁለት ንክኪ ለጓደኛ ማድረስ ነው። ወደ መጨረሻው ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት አለ። የቅርጫት ኳስ ወይም የመረብ ኳስ አሰልጣኝ ከሆኑም አካሄዱ ያው ነው፤ የሚቀየረው ክህሎቱ ብቻ ነው። ማስታወሻ ደብተር፣ በሁለት ቀለም ማለያዎችና ኮኖች ያዘጋጁ። ኮን ከሌለ ድንጋይ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳያስተምሩ ይለኩ

የመጀመሪያውን ቀን ለፈተና ይስጡት። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ሳጥን በኮን ይከልሉና ልጁ መሐል ይቁም። ከፊቱ በ12 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ሰው ኳስ ይልክለታል። ከኋላው በግራና በቀኝ፣ ከሳጥኑ 10 ሜትር ያህል ርቀው፣ ሁለት ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት በሮች ይኑሩ፤ በእያንዳንዱ በር አጠገብ አንድ ልጅ ማለያ ይዞ ይቆማል። ኳሱ ከላኪው እግር እንደወጣ ከሁለቱ አንደኛው ማለያውን ከፍ ያደርጋል። ተቀባዩ ዞር ብሎ ያየዋል፣ ኳሱን ይቆጣጠራል፣ በሁለተኛው ንክኪ በዚያ በር ያሳልፈዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ 10 ኳስ ይላክ፤ ያሳለፈውን ብቻ ይቁጠሩና ይጻፉ።

የፈተናው ሕግ ጥብቅ ነው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ይደረጋል፤ ያንን ክህሎት ለመጨረሻ ጊዜ ከሠሩ ቢያንስ ሁለት ቀን ያለፈ መሆን አለበት፤ በፈተናው ጊዜ ደግሞ ምክር አይሰጥም። በልምምድ መጨረሻ ላይ የሚታየው ብቃት ከፊሉ የዚያ ሰዓት ሙቀት ነው፣ እስከ ነገ አያድርም። ከሁለት ቀን በኋላ ያለ ማሟሟቂያና ያለ ምክር የሚታየው ግን ልጁ ይዞት የቀረው ነው። ፈተናውን በአራተኛውና በስምንተኛው ሳምንት በተመሳሳይ መንገድ ይድገሙት። ሌላው ሥራ ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ደብተር ስለሆነ ይህን ደረጃ አይዝለሉት።

ደረጃ 2፦ ቅደም ተከተሉን ይቀላቅሉ

የተለመደው ልምምድ እንዲህ ነው፦ አሥር ደቂቃ ቅብብል፣ አሥር ደቂቃ ኳስ እየገፉ ማለፍ፣ አሥር ደቂቃ የአየር ኳስ በደረት ማውረድ። ልጆቹ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። አንዱን ነገር በተከታታይ ስለሚደጋግሙት በስድስተኛው ደቂቃ ላይ ያምርባቸዋል፤ አሰልጣኙም ይረካል።

ጆን ሼይ እና ሮቢን ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1979 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ሦስት የተለያዩ የእጅ እንቅስቃሴዎች አለማመዱ። አንዱ ቡድን እያንዳንዱን ለየብቻ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ሲያልፍ ሌላው ሦስቱን ቀላቅሎ ሠራ። በልምምዱ ሰዓት የተሻለው ለየብቻ የሠራው ነበር። ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን ቀላቅሎ የሠራው በለጠ። በ1994 የታተመ ሌላ ጥናት ይህንኑ ወደ ሜዳ አወረደው። በካሊፎርኒያ የኮሌጅ ቤዝቦል መቺዎች ለስድስት ሳምንት በሳምንት ሁለት ጊዜ 45 ተጨማሪ ኳሶች ተወረወሩላቸው፦ 15 ፈጣን፣ 15 የሚታጠፉ፣ 15 ደግሞ ፍጥነታቸው የሚያታልል። አንዱን ዓይነት ጨርሰው ወደ ሌላው እያለፉ የተለማመዱት 25 በመቶ ሲሻሻሉ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ የተለማመዱት 57 በመቶ ተሻሻሉ። ተጨማሪ ልምምድ ያላገኙት 6 በመቶ ላይ ቀሩ። የኳሱ ብዛት እኩል ሆኖ ልዩነት የፈጠረው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ምክንያቱን ተመራማሪዎች እንዲህ ያስረዳሉ፦ ያንኑ ነገር ሲደጋግም ልጁ ከአፍታ በፊት ያሰበውን መልሶ ይጠቀምበታል፤ እንደገና ማሰብ አያስፈልገውም። ኳሱ በተቀያየረ ቁጥር ግን ሁኔታውን ማንበብ፣ መምረጥና እንቅስቃሴውን ከማስታወሻው አውጥቶ ማዋቀር አለበት። ግጥሚያም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በሜዳ ላይ እንዲህ ያድርጉት። 16ቱን ልጆች በአራት በአራት ይክፈሉ፤ ለእያንዳንዱ ምድብ አንድ ኳስ ይስጡ። አንዱ ላኪ፣ አንዱ ተቀባይ፣ አንዱ ተከላካይ፣ አንዱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ኳሱን የሚወስድ ጓደኛ ይሆናል። ላኪው ኳሱን አንዴ በመሬት፣ አንዴ በአየር፣ አንዴ ከተቀባዩ ራቅ አድርጎ ወደ ባዶ ቦታ ይልካል። የትኛው እንደሚመጣ አይናገርም፤ አንዱን ዓይነት ከሁለት ጊዜ በላይ በተከታታይ አይልክም። ከ12 ደቂቃ ሥራ በኋላ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ 12 ደቂቃ። በየሁለት ደቂቃው ሚና ይቀያየራሉ። ተሰልፎ የሚጠብቅ ልጅ የለም፤ ይህ ብቻውን የኳስ ንክኪውን በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በቤተ ሙከራ ጎልቶ የታየው ልዩነት በእውነተኛ ስፖርት ውስጥ አንሶ፣ በሕጻናት ላይም ደብዝዞ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ልጁ ነገሩን ገና ሊጀምረው ከሆነ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ አንዱን ብቻ ይደጋግም፣ እንቅስቃሴው ምን እንደሚመስል ይግባው፣ ከዚያ ወዲያውኑ ወደ ቅይጡ ይግባ። ከአሥር ኳስ አምስቱን የሚያበላሽ ልጅ በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ዘጠኙን ካበላሸ ቀለል ያድርጉለት። ዘጠኙን ካሳካ ተከላካዩን ያቅርቡበት።

ደረጃ 3፦ ርቀቱን፣ ኳሱንና መሬቱን ይለዋውጡ

ሮበርት ኬር እና በርናርድ ቡዝ በ1978 ሕጻናትን ትናንሽ ከረጢቶችን ወደ ዒላማ እንዲወረውሩ አለማመዱ። ገሚሶቹ የተለማመዱት ኋላ በሚፈተኑበት ርቀት ላይ ነበር። ሌሎቹ ከዚያ በሚቀርብና በሚርቅ ርቀት እንጂ በፈተናው ርቀት አንድም ጊዜ አልወረወሩም። በፈተናው የበለጡት ሁለተኞቹ ናቸው።

ሜዳዬ ጎርባጣ ነው ብለው ለሚያዝኑ አሰልጣኞች ይህ መልካም ዜና ነው። በጎርባጣ ሜዳ ሁለት ኳስ በአንድ ዓይነት አይነጥርም፤ ልጁም እስከ መጨረሻው ቅጽበት ኳሱን መመልከት ይለምዳል። ሆን ብለውም ይጨምሩበት፦ አንድ ቀን በትንሽ ኳስ፣ አንድ ቀን አየሩ በቀነሰ ኳስ፣ አንዴ በ6 ሜትር፣ አንዴ በ20 ሜትር፣ አንዴ በግራ እግር ብቻ።

ደረጃ 4፦ ቃልዎን ከልጁ እግር ላይ አንሥተው ወደ ኳሱ ይውሰዱት

ጋብሪኤሌ ቩልፍና ባልደረቦቿ በ1998 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን በበረዶ መንሸራተቻ መለማመጃ መሣሪያ ላይ አስወጥተው፣ ለአንዱ ቡድን በእግራቸው ላይ እንዲያተኩሩ፣ ለሌላው በመሣሪያው ጎማዎች ላይ እንዲያተኩሩ ነገሩ። እግርና ጎማው የተራራቁ አይደሉም፤ ሆኖም በጎማው ላይ ያተኮሩት የተሻለ ተማሩ። ከዚያ በኋላ በጎልፍና በሌሎች ስፖርቶች ብዙ ተመሳሳይ ጥናቶች ወጥተዋል። በቅርብ ዓመታት ጥናቶቹን አሰባስበው እንደገና የመረመሩ ሰዎች ጥቅሙ መጀመሪያ ከተነገረው ያነሰ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። እኔ ግን ይህን ዘዴ አልተውም፤ ወጪ የለውም፣ ቃሉም ለልጁ ይቀልለዋል።

«ቁርጭምጭሚትህን አጥብቅ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ሰውነትህን ወደፊት አዘንብል» ከማለት «ኳሱን ወደ ቀይ ማለያው ላከው» ይበሉ። «እግርሽን አለስልሺ» ከማለት «ኳሱ ከአንድ እርምጃ በላይ እንዳይርቅሽ» ይበሏት። ኳስ ከፍ እያለ ለሚያስቸግረው ልጅ ስለ እግሩ አቀማመጥ ከማብራራት በሁለት ኮኖች መካከል ከጉልበት ከፍታ ገመድ ይወጥሩና «በታች አሳልፈው» ይበሉት። ገመዱ ራሱ ያስተምረዋል።

የሲያን ቤይሎክ ቡድን በ2002 ያሳተመው የእግር ኳስ ጥናት ደግሞ ነገሩን ከሌላ ጎን ያበራዋል። ተጫዋቾች በኮኖች መካከል ኳስ እየገፉ ሲያልፉ፣ ኳሱን የነካው የእግራቸው የትኛው ጎን እንደሆነ እንዲከታተሉ ተጠየቁ። ልምድ ያላቸው በሚቀናቸው እግር ሲጫወቱ ይህ ክትትል አዘገያቸው። ጀማሪዎችን ግን ጠቀማቸው፤ ልምድ ያላቸውንም በማይቀናቸው እግር ሲጫወቱ እንደ ጀማሪ ጠቀማቸው። ከዚህ የምወስደው ቀጥተኛ ነው፦ ገና ለሚጀምር ልጅ ወይም ለደካማው እግር ስለ አካል አቀማመጥ አንድ አጭር መመሪያ መስጠት ይቻላል። ክህሎቱ ለገባው ልጅ፣ በተለይ በግጥሚያ መሐል፣ ስለ እግሩ መናገር ይጎዳዋል። ከመስመር ዳር ሆኖ «ጉልበት! ጉልበት!» የሚጮህ አሰልጣኝ የራሱን ተጫዋች እያደናቀፈ ነው።

ደረጃ 5፦ ከሚናገሩት ግማሹን ይቀንሱ

ካሮሊ ዋይንስታይን እና ሪቻርድ ሽሚት በ1990 ባሳተሙት ሥራ፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ውጤታቸው የተነገራቸው ሰዎች በግማሹ ላይ ብቻ ከተነገራቸው ይልቅ በማግስቱ ያነሰ ይዘው ተገኙ። የአሰልጣኝ ቃል ምርኩዝ ይሆናል፤ ቃሉ በሌለበት ልጁ ስሕተቱን በራሱ መለየት ያቅተዋል።

ስለዚህ ልጁ ሦስት አራት ኳስ እስኪጫወት ዝም ይበሉ። ከዚያ ቀርበው «ኳሱ ለምን ያመለጠህ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት፤ ሲመልስ ሳያቋርጡ ያዳምጡት። መልሱ ትክክል ከሆነ «በል ሞክረው» ብለው ይሂዱ። ካልሆነ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩት። ሳምንት ባለፈ ቁጥር ጭራሹን ይቀንሱ።

የሚናገሩበት መንገድ ደግሞ ከብዛቱ እኩል ይመዝናል። ሮናልድ ስሚዝ እና ፍራንክ ስሞል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሆነው የሕጻናት ቤዝቦል አሰልጣኞችን አጭር ሥልጠና ሰጡ፦ ጥረትን አመስግን፣ ከስሕተት በኋላ አበረታታ፣ ስታርም እንዴት እንደሚሻሻል ንገር፣ ለስሕተት አትቅጣ። በ1992 በታተመው ውጤት መሠረት ካልሠለጠኑ አሰልጣኞች ጋር ከነበሩት ልጆች 26 በመቶው በሚቀጥለው ዓመት ሳይመለሱ ሲቀሩ፣ ከሠለጠኑት ጋር ከነበሩት የቀሩት 5 በመቶ ናቸው። ኳስ ያመለጠውን ልጅ ፑሽ አፕ ማሠራት ወይም ሜዳውን በዙር ማስሮጥ በየሰፈሩ የተለመደ ነው። ይቅር እላለሁ፣ አጥብቄም እላለሁ። የሚቀጣ ልጅ አስቸጋሪውን ኳስ መጠየቅ ይተዋል፣ ከተከላካይ ጀርባ ይደበቃል፤ ኳስ የማይነካ ልጅ ደግሞ አይማርም። ከደረጃ 2 ጀምሮ ልጆቹ ብዙ እንዲሳሳቱ ጠይቀናል፤ እየቀጡ ያንን መጠየቅ አይቻልም።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱን ይበትኑ፣ እንቅልፉን ይጠብቁ

ቅዳሜ ለሦስት ሰዓት ከማሠራት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አንድ አንድ ሰዓት ይሻላል። አለን ባደሊ እና ሎንግማን በ1978 የብሪታንያ የፖስታ ሠራተኞች የቁልፍ ጽሕፈት ሲማሩ አጥንተዋል። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተማሩት በቀን አራት ሰዓት ከተማሩት ይልቅ በጥቂት የትምህርት ሰዓት ለዚያው ደረጃ በቁ። በአሠራሩ ግን ብዙም ደስተኛ አልነበሩም፤ የቀስታ ጉዞ መስሎ ታይቷቸዋል። ተማሪው ራሱ የሚሰማው ስሜት ለውጤቱ አስተማማኝ ምስክር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ወላጆች «ሦስት ሰዓት ያሠራ ነበር፣ አሁን አንድ ሰዓት ሆነ» ቢሉዎት ደብተርዎን ያሳዩዋቸው።

ስለ እንቅልፍ፦ ቼሪ ማህ በ2011 ባሳተመችው ጥናት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 11 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ለሳምንታት በየሌሊቱ ለአሥር ሰዓት ያህል አልጋ ላይ እንዲቆዩ ስታደርግ የነጻ ውርወራ ትክክለኛነታቸው በ9 በመቶ ጨመረ። ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ቃል አልወስደውም። ሆኖም ሌሊቱን የአውሮፓ ጨዋታ ሲያይ አድሮ ለጠዋት ግጥሚያ የሚመጣ ልጅ ካለ ወላጆቹን ማነጋገር ተገቢ ነው።

ኳስ ሳይበቃ ሲቀር ወይም ልጅ ተጎድቶ ዳር ሲቀመጥ በአእምሮ መለማመድ ይጠቅማል። ዲቦራ ፌልትዝ እና ዳንኤል ላንደርስ በ1983 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው እንዳሳዩት፣ እንቅስቃሴን በሐሳብ መሥራት ምንም ካለመሥራት ይሻላል፤ በአካል ከመሥራት ግን ያንሳል። ዳር የተቀመጠው ልጅ አንድ ጓደኛውን ይምረጥ፣ ኳሱ ወደ እርሱ በመጣ ቁጥር «እኔ ብሆን ወዴት እልከዋለሁ?» ብሎ ቀድሞ ይወስን።

ደረጃ 7፦ ጭንቀቱን ወደ ልምምድ ያምጡት

ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ፍጹም ቅጣት ምት ይጨምሩ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት እ.ኤ.አ. 2013፣ በመጀመሪያው ጨዋታ የሳላዲን ሰይድን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዊኔ ሲያድንበት ያየ ሁሉ ይህ ምት ከእግር ብቻ እንደማይወጣ ያውቃል። የኖርዌዩ ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት የታላላቅ ውድድሮችን የመለያ ምቶች መርምሮ ነበር። ካገባ ቡድኑ ወዲያው የሚያሸንፍበትን ምት የሚመታ ተጫዋች ከአሥር ዘጠኙን ያህል ያገባል፤ ከሳተ ቡድኑ የሚወድቅበትን የሚመታው ግን ከአሥር ስድስት ገደማ ብቻ። ርቀቱም በሩም ያው ነው። በጭንቀት ውስጥ ያሉት ከበረኛው ፊታቸውን እያዞሩ፣ ፊሽካው እንደተነፋ ለመገላገል ይቸኩላሉ። በእንግሊዝ የማርክ ዊልሰን ቡድን በ2009 እንዳሳየው ደግሞ የተጨነቀ መቺ ዓይኑን ቀድሞ በረኛው ላይ ይጥላል፣ ረዘም አድርጎም ያየዋል፤ ኳሱም ወደ በረኛው ይቀርባል።

ልጆቹን ይህን ቅደም ተከተል ያስለምዱ። ከመሐል ሜዳ ሲነሣ ማዕዘኑን ይምረጥ፣ ከዚያ በኋላ አይቀይር። ኳሱን በእጁ ራሱ ያስቀምጥ። ሁልጊዜ በእኩል እርምጃ ወደኋላ ይሂድ። አንድ ረጅም ትንፋሽ ያስወጣ። የመረጠውን ማዕዘን በደንብ ይመልከት፣ ዓይኑን ወደ ኳሱ ይመልስ። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆይ፣ ከዚያ ይሩጥ።

አለማመዱ ከዚህ ይለያል። 20 ኳስ ደርድሮ አንዱን ልጅ ማስመታት ስለ ግጥሚያ ምንም አያስተምረውም፤ በግጥሚያ ሁለተኛ ዕድል የለም። በልምምዱ መጨረሻ፣ ልጆቹ ሲደክሙ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ምት ብቻ ይስጡ። ሌሎቹ በመሐል ሜዳ ተቃቅፈው ይቁሙ፤ መቺው ብቻውን ይሂድ። ስልክ ካለዎት ይቅረጹ። ሁለት ቡድን አድርገው የተሸነፈው ኮኖቹን ይሰብስብ። ራውል አውዴያንስ እና ፒፐርስ በ2009 ባሳተሙት ጥናት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ነጻ ውርወራን እንዲህ ባለ ጫና ሥር ለሳምንታት ሲለማመዱ በጫና ጊዜ ብቃታቸውን ይዘው ቆዩ፤ ያለ ጫና የተለማመዱት ግን ያንን አላገኙም። ጫናው ቀላል ይሁን፤ ልጅን ማዋረድ የዚህ ዘዴ አካል አይደለም።

ለበረኛው ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩ። የእስራኤሉ ሚካኤል ባር ኤሊና ባልደረቦቹ በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከ286 ፍጹም ቅጣት ምቶች 29 በመቶ ያህሉ ወደ መሐል ቢመቱም በረኞች መሐል ላይ የቆሙት 6 በመቶ ያህል ጊዜ ብቻ ነበር። ቆሞ ጎል መግባቱ ከዘልሎ መሳት የበለጠ ስለሚያሳፍራቸው ነው ይላሉ ተመራማሪዎቹ። በረኛዎ ከአምስት አንዱን ቆሞ እንዲጠብቅ ይፍቀዱለት፤ ጎል ቢገባበትም አይውቀሱት።

ደረጃ 8፦ ሳምንቱን ያዋቅሩና ደብተሩን ያንብቡ

ማክሰኞ፦ ማሟሟቂያው ራሱ ሦስት ለአንድ ቅብብል ይሁን፣ ቀጥሎ የደረጃ 2 ቅይጥ ልምምድ፣ መጨረሻ ላይ አራት ለአራት ጨዋታ። ሐሙስ፦ ያው ቅይጥ፣ ርቀቱና ኳሱ ተቀይሮ፣ ከዚያ ጠባብ ሜዳ ላይ በሁለት ንክኪ ብቻ ጨዋታ። ቅዳሜ፦ ግጥሚያ ወይም ሙሉ ጨዋታ፣ ከአምስተኛው ሳምንት ወዲህ በመጨረሻ የመለያ ምት። በአራተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ማክሰኞ ከልምምዱ በፊት ፈተናው ይደገማል።

በአራተኛው ሳምንት ውጤቱ ብዙ ካልጨመረ አይደንግጡ፣ ወደ ሰልፍም አይመለሱ። በስምንተኛው ሳምንትም ከመጀመሪያው ቀን ያልተነሣ ልጅ ካለ ግን ሦስት ነገር ይፈትሹ። በቅይጥ ልምምዱ ከአሥር ኳስ ስንቱን እንደሚያሳካ ይቁጠሩ፤ ከሦስት በታች ከሆነ ተከላካዩን አውጥተው በሁለት ዓይነት ኳስ ብቻ እንደገና ያስጀምሩት። ምን ያህል ጊዜ ቀርቶ እንደነበር ይመልከቱ። ኳሱ ከመድረሱ በፊት ትከሻውን ዞር አድርጎ ማየት አለማየቱንም ይከታተሉ፤ የማያይ ከሆነ ለሁለት ሳምንት ከኋላው ባለ ቀለም ማለያ የሚያነሣ ልጅ ያቁሙና ኳሱን ከመንካቱ በፊት ቀለሙን ጮክ ብሎ እንዲናገር ያድርጉ።